ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ የሚያመጣውን የማያቋርጥ ተቅማጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ በሚሸጡ መድኃኒቶች መቆጣጠር

እናቴ ኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ የማየት ምርመራ) ተደርጎላት «አንጀትዎ ንጹሕ ነው» ተብላ በተሰናበተች ማግስት ሌሊቱን አራት ጊዜ ተነሥታ መጸዳጃ ቤት ገባች። ሰገራዋ ደም የለውም፣ እሷም ትኩሳት የላትም፤ የሚወጣው ግን ውሃ ነበር። የሕመሙ ስም የታወቀው ከወራት በኋላ ሌላ ሐኪም ምርመራውን ደግሞ ከአንጀቷ ግድግዳ ላይ ናሙና ሲወስድ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ እንዳለባቸው በምርመራ ለታወቀ ሰዎች፣ እንደ እኔም መድኃኒት ቤት እየሄዱ ሣጥን አንሥተው ለሚያነቡ ልጆቻቸው ነው። እነዚህን መድኃኒቶች በቅደም ተከተል፣ በመጠንና በሰዓት የሚወስድ ሰው ብዙ እፎይታ ያገኝባቸዋል፤ እንደ ከረሜላ የሚወስዳቸው ሰው ግን ሊጎዳባቸው ይችላል።

ሕመሙ ምን እንደሆነ

ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ የትልቁ አንጀት ብግነት (መቆጣት) ነው። አንጀቱ በካሜራ ሲታይ ጤነኛ ስለሚመስል ጉዳቱ የሚገኘው ናሙናው በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ብቻ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከዚህ ነው። ሁለት ዓይነት አለው። በአንደኛው ዓይነት ከአንጀቱ የውስጥ ሽፋን ሥር የሚገኘው ቀጭን የኮላጅን ንብርብር ከ10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ በላይ ይወፍራል። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በሽፋኑ ውስጥ ከልክ በላይ ይበዛሉ። በሁለቱም አንጀቱ ውሃን መልሶ የመምጠጥ ሥራውን በአግባቡ መሥራት ስለሚያቅተው ውሃው ከሰገራው ጋር ይወጣል። ሕመሙ በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች፣ ይበልጡንም በሴቶች ላይ ነው። ወደ አንጀት ካንሰር እንደማይለወጥ ማወቅ ለታማሚው ትልቅ ዕረፍት ስለሆነ ይህን ደጋግሞ መንገር ይገባል።

አንደኛ፦ ምርመራው ሳይጠናቀቅ ተቅማጡን ለማቆም አይቸኩሉ

ከአራት ሳምንት በላይ የቆየ ተቅማጥ ሁሉ ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ አይደለም። በተለይ ከኢትዮጵያ በቅርቡ የመጣ ወይም እዚያው የሚኖር ሰው በመጀመሪያ ለጃርዲያና ለአሜባ ሰገራው ሊመረመር ይገባል፤ ኤች አይ ቪና የአንጀት ቲቢም መዘንጋት የለባቸውም። በሌላ በኩል በየጊዜው «አሜባ ነው» እየተባለ ያለ ምርመራ ሜትሮኒዳዞል መዋጥ በአገራችን የተለመደ ነው፤ ሦስትና አራት ጊዜ ተወስዶ ያልቆመ ተቅማጥ ግን ሌላ ምክንያት እንዲፈለግለት እየጠየቀ ነው። ኮሎኖስኮፒ ሲታዘዝልዎ አንጀቱ ጤነኛ ቢመስልም ከቀኝና ከግራው ክፍል ናሙና እንዲወሰድ አስቀድመው ይጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ለእናቴ ብዙ ወራት ባተረፈችላት ነበር።

በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚቀሰቅሰው ሲሊያክ የተባለ ሕመም ማይክሮስኮፒክ ኮላይተስ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ በደም ምርመራ እንዲታይልዎ ያድርጉ፤ ምርመራው ከመደረጉ በፊትም ስንዴ መብላት አያቁሙ፤ ውጤቱን ያሳስታልና። የታይሮይድ ምርመራም አብሮ ቢደረግ መልካም ነው።

ሁለተኛ፦ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያውጡ

አዲስ መድኃኒት ከመግዛትዎ በፊት የሚወስዱትን ሁሉ፣ አልፎ አልፎ ብቻ የሚወስዱትንም ሳይቀር፣ አንድ ላይ አውጥተው ስማቸውን ይመዝግቡ። ከዚህ ሕመም ጋር ግንኙነት እንዳላቸው የታወቁ መድኃኒቶች አሉና። ቀዳሚዎቹ እንደ አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና ናፕሮክሲን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች ናቸው። ቀጥሎ የሚመጡት ለጨጓራ የሚወሰዱት ኦሜፕራዞልና ላንሶፕራዞል ሲሆኑ፣ ለድብርት ከሚታዘዙት ደግሞ በተለይ ሰርትራሊን ይጠቀሳል።

የእኛ ሰው ለጉልበትና ለወገብ ዳይክሎፌናክ፣ ዳይክሎፌናኩ ላቃጠለው ጨጓራ ደግሞ ኦሜፕራዞል እየወሰደ ዓመታት ማሳለፉ የተለመደ ስለሆነ በዚህ ክፍል ላይ በጣም አጥብቄ እናገራለሁ። በእናቴ የመድኃኒት ከረጢት ውስጥ ሁለቱም ነበሩ፤ ኦሜፕራዞሉንም ማን እንዳዘዘላትና መቼ እንደጀመረችው ማስታወስ አልቻለችም። ያለ ሐኪም ማዘዣ የተገዛውን የሕመም ማስታገሻ በፓራሲታሞል፣ አሜሪካ ውስጥ ታይሌኖል በሚባለው፣ መተካት ለብዙ ሰው ይቻላል። በሐኪም የታዘዙትን ግን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ፤ ለልብ የሚወሰደው አስፕሪንና የድብርት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጡ የከፋ አደጋ ሊያመጡ ይችላሉ፤ ኦሜፕራዞልም በአንድ ጊዜ ሲቆም የጨጓራው አሲድ ለጊዜው ያይላል። ዝርዝሩን ይዘው ሐኪምዎን «ከእነዚህ ውስጥ የትኛው ሊለወጥልኝ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ። የሚያጨሱ ከሆነም ሲጋራ ከዚህ ሕመም ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀ ስለሆነ ማቆም የሕክምናው አንድ ክፍል ነው።

ሦስተኛ፦ ለሰባት ቀን ይመዝግቡ

አንድ ደብተር መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያስቀምጡ። በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደተቀመጡ፣ ከእነዚያም ውስጥ ስንቱ ሙሉ በሙሉ ውሃ እንደነበር፣ ሌሊት ተነሥተው እንደሆነ፣ ምን እንደበሉና የትኛውን መድኃኒት በስንት ሰዓት እንደወሰዱ ይጻፉ። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ቀላል ነው፤ የሰባት ቀኑ አማካይ በቀን ከ3 ጊዜ ያነሰ ከሆነና ውሃ የሆነውም በቀን በአማካይ ከ1 ጊዜ ያነሰ ከሆነ ሕመሙ ጋብ ብሏል ማለት ነው። ከሁለቱ አንዱ እንኳ ከዚህ ከበለጠ ሕመሙ አሁንም ንቁ ነው። መድኃኒቱ መሥራትና አለመሥራቱን የሚነግርዎ የአንድ ቀን ስሜት ሳይሆን ይህ ቁጥር ነው። እናቴ ቁጥሩን ለእኔ መንገር ስለምታፍር በደብተሯ ላይ በእርሳስ ጭረት ብቻ ትመዘግብ ነበር፤ ለውሃው ረጅም ጭረት፣ ለሌላው አጭር። የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

አራተኛ፦ የወጣውን ፈሳሽ ይተኩ

ተቅማጥ የሚወስደው ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨውና ፖታሺየምም ጭምር ስለሆነ በበረታ ቀን ንጹሕ ውሃ ብቻ መጠጣት አይበቃም። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ኦ አር ኤስ ከሁሉ ይሻላል፤ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ መጠን ልክ ይበጥብጡት፤ ውሃውን መቀነስ መፍትሔውን አያጠነክረውም፣ ተቅማጡን ያባብሰዋል እንጂ። ፓኬቱ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ይጠጡ። ማንኪያው የተቆለለ ሳይሆን በቢላዋ ጀርባ የተላገ ይሁን፤ ጨው ሲበዛ ጉዳት አለው። የደም ግፊት፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ምን ያህል መጠጣት እንደሚችል ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ። ሽንትዎ ከጠቆረና ካነሰ፣ ከመቀመጫዎ ሲነሡም የሚያዞርዎ ከሆነ የጠጡት አልበቃም ማለት ነው።

አምስተኛ፦ ሎፔራማይድ በሰዓቱ

ሎፔራማይድ፣ በብዙዎች ዘንድ ኢሞዲየም በሚል የንግድ ስሙ የሚታወቀው፣ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያል። ሰገራው በአንጀት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ሲቆይ ተጨማሪ ውሃ ይመጠጣል፤ የማጣደፉም ነገር ይቀንሳል። ብግነቱን ግን አያክምም፤ ስለዚህ ቢያቆሙት ተቅማጡ መመለሱ አያስደንቅም።

አንዱ እንክብል 2 ሚሊግራም ነው። በሣጥኑ ላይ የተጻፈው የአዋቂ አወሳሰድ መጀመሪያ 2 እንክብል፣ ከዚያ በኋላ የላላ ሰገራ በወጣ ቁጥር 1 እንክብል ሲሆን፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሚሊግራም፣ ማለትም ከ4 እንክብል፣ ማለፍ ክልክል ነው። ሣጥኑ ከሁለት ቀን በላይ ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድን አይፈቅድም። ለዚህ ሕመም ብዙዎች ከሁለት ቀን በላይ ስለሚወስዱት ሐኪምዎ አውቆ የተስማማበት መሆን አለበት።

ልዩነት የሚያመጣው ሰዓቱ ነው። ተቅማጡ እስኪመጣ ጠብቆ ከመውሰድ ይልቅ የሚበረታበትን ሰዓት ከደብተርዎ አይተው አስቀድመው ይውሰዱ። ለምሳሌ ጠዋት ከቁርስ ግማሽ ሰዓት በፊት 1፣ ሌሊት የሚያስነሣዎ ከሆነ ከመኝታ በፊት 1 ወስደው፣ የቀሩትን 2 ለቀኑ ማቆየት ይቻላል። ወደ ሥራ፣ ወደ ለቅሶ ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቤት ከመውጣትዎ ግማሽ ሰዓት በፊት ቢወስዱ ቅዳሴውን ያለ ጭንቀት ቆመው ማስቀደስ ይችሉ ይሆናል። ለመቁረብ የሚዘጋጁ ሰዎች ግን ስለ መድኃኒቱና ስለሚዋጥበት ውሃ ከንስሐ አባታቸው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። አንድ ቀን ሙሉ ሳይቀመጡ ከዋሉና ሆድዎ ከተነፋ የሚቀጥለውን ይዝለሉት።

ከመጠን በላይ የሚወስዱትን ልለምናቸው እወዳለሁ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 ሎፔራማይድ ከልክ በላይ ሲወሰድ የልብን ምት እንደሚያዛባና እስከ ሞት እንደሚያደርስ አስጠንቅቋል። የልብ ምት መዛባት ያለባቸው፣ እንዲሁም እንደ ክላሪትሮማይሲንና ኬቶኮናዞል ያሉ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች በተለይ ፋርማሲስቱን ሳይጠይቁ አይጀምሩት። ትኩሳት ወይም ደም ያለበት ተቅማጥ ሲኖር፣ ወይም በቅርቡ አንቲባዮቲክ ወስደው ተቅማጡ በድንገት ከባሰ፣ ምርመራ ሳይደረግ ሎፔራማይድ አይውሰዱ፤ ምክንያቱ በጀርም የመጣ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል መታሰሩ ይጎዳል።

ስድስተኛ፦ ቢስመዝ ሰብሳሊሲሌት፣ ግን በገደብ

ሐምራዊ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ፔፕቶ ቢስሞል በሚባለው ስም የታወቀው መድኃኒት ብግነቱንም ሊቀንስ እንደሚችል የሚጠቁም መረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 በታተመ አነስተኛ ጥናት 262 ሚሊግራም የሆነውን የሚታኘክ እንክብል በቀን 8፣ በሦስት ጊዜ ከፍለው፣ ለ8 ሳምንት ከጨረሱት 12 ታማሚዎች 11ዱ ተቅማጣቸው ቆሞላቸዋል። ጥናቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ብዙ አይደገፍበትም። የአሜሪካ ጋስትሮኢንተሮሎጂ (የጨጓራና የአንጀት ሕክምና) ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ቀዳሚ ያደረገው ቡዴሶናይድ የተባለውን በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ሲሆን፣ ቢስመዝን ያስቀመጠው ቡዴሶናይድን መውሰድ ለማይችሉ ሰዎች አማራጭ አድርጎ ነው።

በሣጥኑ ላይ የሚፈቀደው ጊዜ 2 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የ8 ሳምንቱ አወሳሰድ በሐኪም ክትትል የሚደረግ ነገር ነው፤ ሐኪምዎ ከተስማማ የጀመሩበትንና የሚያበቁበትን ቀን ሣጥኑ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፉ። ቢስመዝ የብረታ ብረት ዓይነት ነው፤ በሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም አንጎልን ይመርዛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ሌሎች የቢስመዝ ዓይነቶችን ለወራትና ለዓመታት ሲወስዱ ከነበሩ ሰዎች ብዙዎቹ ግራ መጋባት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የመራመድ ችግር ደርሶባቸዋል። የመርሳት፣ የመንቀጥቀጥ ወይም የሚዛን ማጣት ምልክት ካዩ በዚያው ቀን ያቁሙ።

ሁለተኛው አሳሳቢ ነገር ሳሊሲሌቱ ነው፤ የአስፕሪን ዘመድ ነው። አስፕሪን የማይስማማው፣ የጨጓራ ቁስለት የሚደማበት፣ እንደ ዋርፋሪን ያለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት አይውሰዱት፤ ለልጆችና ለወጣቶችም አይሰጥ። አስፕሪን በየቀኑ የሚወስዱ ከሆነ ሐኪሙ ሳያውቅ አይደርቡበት። ጆሮዎ መጮህ ከጀመረ መጠኑ በዝቷል ማለት ነው፤ ያቁሙት። እዚህ ላይ ከሣጥኑ ፊት ያለውን ትልቁን ስም ሳይሆን ከጀርባው ያለውን የንጥረ ነገሩን ስም የማንበብ ልማድ ያስፈልጋል፤ አሜሪካ ውስጥ ካኦፔክቴት በሚል ስም የሚሸጠውም ውስጡ ያው ቢስመዝ ሰብሳሊሲሌት ነው፤ በሁለት ስም አንዱን መድኃኒት እጥፍ መውሰድ ይመጣል። ለአገር ቤት ዘመድ ሲልኩም እባክዎ በፌስታል ጠቅልለው ሳይሆን ከነሣጥኑና ከነጽሑፉ ይላኩ።

ሰገራና ምላስ ይጠቁራሉ፤ ይህ መድኃኒቱ ሲቆም በጥቂት ቀናት የሚጠፋ ነው። ነገር ግን ሰገራው እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና ክፉ ጠረን ያለው ከሆነ፣ ድካምና ማዞርም ከተጨመረበት፣ የደም መፍሰስ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።

ሌሎቹ የመደርደሪያ ነገሮች

ሲሊየም፣ ሜታሙሲል በሚባለው ስም የሚሸጠው ዱቄት፣ ውሃ ይዞ ሰገራውን ያወፍራል፤ አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን ይነፋል። በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይጀምሩ፤ ከሌሎች መድኃኒቶችም ሁለት ሰዓት ያራርቁት። ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ የሚባሉ ባክቴሪያዎችን የያዘ ምርት) ውድ ነው፤ ለዚህ ሕመም ግን ከላይ የጠቀስኩት መመሪያ አይመክረውም። ዕጣን ይጠቅማል የሚሉ አሉ። የተሞከረው የሕንዱ የዕጣን ዛፍ ጭማቂ እንጂ የእኛ አገሩ አይደለም፤ ጀርመን ውስጥ በ31 ታማሚዎች ላይ ሲሞከርም አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። ኮሶና ሌላ የሚያስቀምጥ ባህላዊ መድኃኒት «ሆድን ያጥባል» ተብሎ ለዚህ ታማሚ ፈጽሞ አይሰጥ። ቆዳው በመመላለስ ብዛት ከተላጠ በለብታ ውሃ ታጥቦ፣ በጨርቅ ሳይፈተግ ተጠባጥቦ ከደረቀ በኋላ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ይቀባ።

ምግብና ቡና

ሕመሙን የሚፈውስ ምግብ የለም፤ ተቅማጡን የሚያባብስ ግን አለ። ካፌን አንጀትን ስለሚያንቀሳቅስ ቡና የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ለኖረ ሰው ቡና ተው ማለት ጎረቤቱን ተው እንደ ማለት መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ብቻ አቁመው ደብተሩን ይዩ፤ ቁጥሩ ከወረደ ከሥርዓቱ ሳይለዩ ሲኒውን መቀነስ ይቻላል። እናቴ አቦሉን ትታ በረካውን ብቻ ትጠጣለች። ወተት፣ አልኮል፣ እንዲሁም ስኳር አልባ በሚባሉ ማስቲካዎችና ከረሜላዎች ውስጥ ያለው ሶርቢቶል እንደዚሁ አንድ በአንድ እየተተዉ ይሞከሩ። ሁሉን በአንድ ቀን መተው የትኛው ጥፋተኛ እንደነበር አያሳይም፤ ታማሚውንም ያከሳል።

የጤፍ እንጀራ ግሉተን የለውም፤ ውጭ አገር በየሱቁ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት የተቀላቀለበት ስለሆነ ሲሊያክ የተገኘበት ሰው ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ጠይቆ ይግዛ። በጾም ወራት ሽሮ፣ ክክና ባቄላ በአንድ ማዕድ ሲበዙ ሆድ ይነፋል፤ ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮትና ያልበረታ አልጫ ለክፉው ቀን ይሻላሉ።

ወደ ሐኪም የሚመለሱበት ጊዜ

ደም ከታየ፣ ከ38.5 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ከመጣ፣ ሳይፈልጉ ክብደት ከቀነሱ፣ የሆድ ሕመሙ ከበረታ፣ ወይም ግራ መጋባትና የልብ መምታት ካለ ቀጠሮ አይጠብቁ። እነዚህ ሳይኖሩም የሚፈቀደውን የሎፔራማይድ መጠን በየቀኑ እየወሰዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ የደብተሩ ቁጥር ካልወረደ፣ መደርደሪያው ላይ ያለው መድኃኒት የሚችለውን አድርጓል ማለት ነውና ቡዴሶናይድን ይጠይቁ። ይህ መድኃኒት በአብዛኛው በቀን 9 ሚሊግራም ሆኖ ለ6 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል፤ ስቴሮይድ (ብግነትን የሚያበርድ ጠንካራ የመድኃኒት ዓይነት) ቢሆንም አብዛኛው ጉበት ውስጥ ስለሚፈርስ ወደ ሌላው ሰውነት የሚደርሰው ጥቂት ነው። ሲቆም ሕመሙ በብዙ ሰው ላይ ስለሚመለስ አነስተኛ መጠን ማስቀጠል የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ሐሞት ከረጢታቸው የወጣላቸው፣ ወይም ሎፔራማይድም ቡዴሶናይድም በበቂ ያልረዳቸው ሰዎች ወደ ትልቁ አንጀት የሚፈስሰውን የሐሞት አሲድ ስለሚይዘው ኮሌስታይራሚን ስለተባለው ዱቄት ያንሡ፤ እሱም በማዘዣ የሚገኝ ነው። ሲሄዱ ደብተሩን፣ የመድኃኒቶቹን ዝርዝርና ባዶዎቹን ሣጥኖች በአንድ ከረጢት ይያዙ፤ አስተርጓሚ የሚያስፈልግ ከሆነም ቀጠሮው ሲያዝ ይጠይቁ። እናቴ በልጇ ፊት ያልተናገረችውን ነገር በስልክ ለነበረችው አስተርጓሚ ተናግራለች።